የገርጂ በላተኞች አዋጅ ቁጥር 1

አዋጅ! አዋጅ! የመወልወያ ቅዳጅ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማው አሰማ!

ከገርጂ ማርያም እስከ መብራት ኃይል፣ ከጃክሮስ እስከ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ድረስ ፍርፍር የምትፈረፍር፣ ቁርጥ የምትቆርጥ፣ ሳምቡሳ የምትጠብስ፣ ጁስ የምትጨምቅ ሁሉ!

እኛ ሂሳብ ከፍለን ሆዳችንን ለዕድል የሰጠን የገርጂ ቋሚ በላተኞች፤

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከወጣ ዓመታት ቢቆጠሩም ከካሸሯ ጀርባ ካለው ግድግዳ አልፎ ወጥ ቤት መግባት እንዳቃተው በመረዳት፤

በ2012 ኮሮና ሲገባ በየደጃፉ ዘብ የቆመው ባለ ቧንቧ በርሜል ዛሬ የከሰል ማስቀመጫ ሆኖ በማየታችን፤

ሜሪ ማሎን የተባለች የኒው ዮርክ ወጥ ሠሪ ራሷን ሳያማት ከእጇ የበሉትን ታይፎይድ ስታስይዝ ኖራ በ1907 እ.ኤ.አ. ተይዛ ደሴት ላይ እንደተገለለች፣ በ1910 «ሁለተኛ ወጥ አልሠራም» ብላ ብትለቀቅም በ1915 ስሟን ቀይራ በአንድ የሴቶች ሆስፒታል ወጥ ቤት ውስጥ እንደተገኘች አንብበን፣ «እኔ ደህና ነኝ፣ ምን ያስመረምረኛል?» የሚለው ቃል በገርጂም የሚሰማ በመሆኑ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «ሰርተፊኬት» ማለት በመስታወት ተለብጦ የተሰቀለ፣ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ በንጹሕ ጨርቅ የሚወለወል ብቸኛው ነገር ነው።

«ጨርቅ» ማለት ጠዋት ነጭ ነበር ተብሎ የሚነገርለት፣ ጠረጴዛውን፣ ቢላዋውን፣ የሻይ ብርጭቆውን አፍና የአስተናጋጁን ግንባር በዚሁ ቅደም ተከተል የሚጠርግ ዕቃ ነው።

«ሠልጣኝ» ማለት ባለቤቱ ነው። አዳራሽ ገብቶ ስለ እጅ መታጠብ ሲማር ውሏል፤ በእረፍት ሰዓት ሻይ በኩኪስ ወስዷል፤ ወረቀቱን ይዞ ተመልሷል። ሰላጣውን የምታጥበው ልጅ ያን ቀን ሥራ ላይ ነበረች። አዲስ አበባ ከገባች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው፤ የሰማችው ትምህርት «ቶሎ በይ» የሚል ብቻ ነው። በሚቀጥለው ወር ሌላ ቤት ትገባለች። ወረቀቱ ግን ታማኝ ነው፣ ግድግዳውን ለቆ አይሄድም።

አንቀጽ 2። ስለ እጅ

ትናንት ጠዋት፣ የቤቱን ስም ሳንጠቅስ፣ አንድ እጅ መቶ ብር ተቀበለ፣ መልስ ቆጠረ፣ አፍንጫ ነካ፣ ወዲያው እንጀራ ጠቀለለ። እጁ ጓንት ለብሷል። ጓንቱን ስናየው ደስ ብሎን ነበር፤ ቆይተን ስናስበው ግን ከብሩ ቆሻሻ የተጠበቀው የሠራተኛው ጣት እንጂ የእኛ ፍርፍር አይደለም። ስለዚህ ብር የነካ ጓንት እንደ ብር ይቆጠራል፤ እንጀራ አይነካም። እጅ በሳሙና ቢያንስ ሃያ ሰከንድ ይታሸት። ሳሙና ማለት ሳሙና ነው፤ በውሃ የተበረዘ የሳሙና ትዝታ አይደለም።

አንቀጽ 3። ስለ ትናንት

የበሰለ ምግብ ወይ ከ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ትኩስ ሆኖ፣ ወይ ከ5 ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ ይቆይ። በመካከሉ ያለው ሙቀት ጀርም የሚዋለድበት ነው። የትናንቱን ሩዝ በተመለከተ «አሙቄዋለሁ» የሚል መከላከያ ተቀባይነት የለውም፤ ጀርሙ ቢሞት እንኳ ትቶት የሚሄደው መርዝ በማሞቅ የማይጠፋበት ጊዜ አለና።

በሸክላ ሆኖ እስከ ጠረጴዛችን ድረስ እየተንተከተከ የሚመጣ ሽሮ ከዚህ አንቀጽ ነፃ ነው። አብሮት የመጣው እንጀራ ግን በአንቀጽ 2 ይጠየቃል።

አንቀጽ 4። ስለ ጥሬ ሥጋ

መከልከል አስበን ነበር። በራሳችን ጉባኤ፣ በራሳችን ድምፅ ተሸነፍን። ትሉንም መድኃኒቱንም በአንድ ስም «ኮሶ» ብሎ የጠራ ሕዝብ ጉዳዩን ከእኛ በፊት አስቦ ጨርሶታል፤ መታመሙንም መሻሩንም አብሮ አዝዟል። የቀረን ልመና ነው፦ ሥጋው የተቆረጠበት ቢላዋና መክተፊያ ሳይታጠብ ቃሪያና ቲማቲም አይከተፍበት። ጾመኛም አለ በዚህ ሰፈር።

አንቀጽ 5። ስለ ምርመራ

የአንድ ሠራተኛ ሰገራ ለአንድ ሠራተኛ ብቻ ያገለግላል። በጤና ካርዱ ላይ ያለው ፎቶ የያዘውን ሰው መምሰል አለበት፤ የአክስት ልጅ መሆን አይበቃም። ተቅማጥ የያዘው ሠራተኛ ቤቱ ይተኛ፤ የቀኑ ደመወዝም አይቆረጥበት። ይህችን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ስናነብ አንድ የምግብ ቤት ባለቤት አዳራሹን ጥለው ወጥተዋል።

አንቀጽ 6። ስለ ፈተና

ፈተናው የጽሑፍ አይደለም። ባለቤቱ ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሳይነገረው፣ በገዛ ቤቱ ጠረጴዛ ተቀምጦ ለሌላ ሰው የተዘጋጀውን ሰላጣ ይበላል። «ከቤት በልቼ ነው የመጣሁት» ያለ ወድቋል።

አንቀጽ 7። የመሸጋገሪያ ድንጋጌ

«ተቆጣጣሪ መጣ» ሲባል ከመሳቢያ የሚወጣው ነጭ ጋወንና ቆብ የመሳቢያው እጥፋት እስኪለቅ ድረስ በየቀኑ ይለበስ።

አንቀጽ 8። አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ተራችን ደርሶ ገርጂ ውሃ ከመጣበት ሌሊት ጀምሮ የጸና ይሆናል።