ውጤት ጠባቂ እንደ ዘበኛ

የማትሪክ ውጤት መጠበቅ እስካሁን ተገቢውን የምርምር ትኩረት ያላገኘ የሥራ መስክ ነው። በየክረምቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተፈታኞች፣ ከነእናት አባታቸው፣ ከነአክስታቸውና ከነጎረቤታቸው ያለ ደመወዝ ተሰማርተውበት ሳለ፣ ሥራው በትክክል ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ቢጠየቅ የሚሰጠው መልስ «ውጤቱ እንዲወጣላቸው ነዋ የሚጠብቁት» የሚል ነው። ይህ መልስ ግን አማርኛን በደንብ ያላዳመጠ ነው። አማርኛ እንግዳ ለሚጠብቅና ግቢ ለሚጠብቅ ሰው የመደበው አንድ ግስ ነው። የመጀመሪያው የተቀመጠው በር ሊከፍት ነው፤ ሁለተኛው የተቀመጠው ማንም እንዳይገባ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ውጤት ጠባቂ ከሁለተኛው ወገን ነው የሚል ነው። («ይጠብቃል» ላልቶ ሲነበብ ደግሞ የገመድን መጥበቅ ያመለክታል። ይህ የተፈታኙን ሆድ የሚመለከት በመሆኑ ለሐኪሞች ትተነዋል።)

ቀዳሚው ማስረጃ የስልክ አያያዝ ነው። ጠባቂው የፈተናዎች አገልግሎትን ድረ ገጽ ይከፍታል፤ የምዝገባ ቁጥሩን ያስገባል፤ ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ምንም አታመጣም። እፎይ ብሎ ስልኩን ትራስ ሥር ይከተዋል፤ ከሦስት ደቂቃ በኋላ መልሶ ያወጣዋል። «ይህማ ጉጉት ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ እናውቃለን። ጉጉት ቢሆን ኖሮ ግን ሰዓት ይመርጥ ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መግለጫ የሚሰጥ ሚኒስትር እንደሌለ ጠባቂው አይጠፋውም፤ ሪፍሬሽ የሚያደርገው ግን በዚያው ሰዓት ነው። ዘበኛም ግቢውን የሚዞረው ሌሊት ነው። የሚዞረው ሌባ ናፍቆት ሳይሆን አለመምጣቱን ለማረጋገጥ ነው። ሪፍሬሽ ማለት በሩን ገፋ አድርጎ መቆለፉን ማየት ነው።

ለዚህ የተሻለ ማረጋገጫ የሚገኘው ውጤቱ የተለቀቀ ዕለት ነው። ሁለት ወር ሙሉ ስልኩን ከእጁ ያልለየው ሰው፣ «ወጥቷል» ሲባል ስልኩን ለታናሽ እህቱ ያቀብልና «አንቺ እዪልኝ» ይላል። አድሚሽን ካርዱ፣ ከቤት ካርታውና ከክትባት ካርዱ ጋር ከተቀመጠበት ፌስታል፣ ከቁም ሳጥኑ ላይ ይወርዳል። ቁጥሩ አንድ በአንድ ይነበባል፤ እህት ትጽፋለች፤ መጨረሻዋ ላይ ተሳስታ እንደገና ትጀምራለች፤ የሚቆጣት ግን የለም። አባት ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አይነቅሉም። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። በዚህ መሃል ኔትወርኩ ሲጨናነቅ ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ ይራገማል፤ ድምፁን ልብ ብሎ ላደመጠ ግን እርግማኑ ውስጥ ምስጋና አለበት።

የሚቀጥለው ተቃውሞ በአኃዝ የተደገፈ ስለሆነ በቀላሉ አይታለፍም። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ቁጥሩ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ሆነ። «እንዲህ ያለ ቁጥር እያለ ማን አይጨነቅ?» ይባላል። በእኛ አስተያየት ግን ቁጥሩ ሊያስጨንቅ ሳይሆን ሊያረጋጋ ይገባው ነበር። በሐምሌ «ነገ ይዘንብ ይሆን?» ብሎ እንቅልፍ ያጣ ሰው የለም፤ ዣንጥላውን በር ላይ ሰቅሎ ይተኛል። ከመቶ ከዘጠና በላይ እጁ የታወቀ ነገር ሆድ አይበላም። እንቅልፍ የሚነሳው ከጥቂቶቹ አንዱ እኔ ነኝ ብሎ ማመን ነው፤ ይህንንም የሚያምነው እያንዳንዱ ቤት ነው። የየቤቱ ተስፋ ተደምሮ ሁሉም ይግባ ቢባል ዩኒቨርሲቲዎቹ ድንኳን መትከል ይኖርባቸዋል። ይህ የአስተሳሰብ ስህተት ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን የሚጠበቀው ንብረት ይኸው ነው እንላለን፤ ውጤቱ እስኪወጣ ድረስ የወደቀ ልጅ በአገሩ የለም። ክረምቱን ሙሉ «ዶክተር፣ እስቲ ከሰሉን አቀጣጥል» ይባላል፤ ዶክተሩም ያቀጣጥላል። ይህን ማዕረግ ያለ ዘበኛ መተው የሚያዋጣ አይደለም።

ስለት እንዲሁ ተሳስቶ የተተረጎመ ማስረጃ ነው። እናት ለቁልቢ ገብርኤል ዣንጥላ መሳላቸው ውጤቱን ለመናፈቃቸው ምስክር ተደርጎ ይቀርባል። የስለቱ ቃል ሲመረመር ግን ስለ ቀን የሚናገር ነገር የለውም። ልጄ እንዲያልፍልኝ ብሎ የተሳለ ሞልቷል፤ ውጤቱ እንዲፈጥንልኝ ብሎ ዣንጥላ የገዛ እስካሁን አልተሰማም። ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ። እናት ብዙ ጊዜ የሚሳሉት ከፈተናው በኋላ ስለሆነ ስለቱ ወደ ኋላ እንዲሠራ ይጠበቅበታል፤ ማለትም በእርሳስ የጠቆረችው ክብና በምታነበው ማሽን መካከል ገብቶ ጉዳዩን ማስተካከል አለበት። ይህ ጊዜ ይፈልጋል። እንደ እድል ሆኖ የፈተናው የጊዜ ሰሌዳ አመቺ ነው። የ2014 ተፈታኞች በ2015 ጥቅምት ላይ ጨርሰው ውጤታቸውን ያዩት ጥር ላይ ነው፤ መሃሉ ላይ የገብርኤል በዓል፣ ታኅሣሥ 19፣ ነበረላቸው። የ2016ቶቹ በሐምሌ መጀመሪያ ሳምንታት ተፈትነው ጳጉሜ 4 ተነገራቸው፤ ለእነሱም ሐምሌ 19 ደርሶላቸዋል። ፈተና ያወጣው አካል ይህን አስቦበት ነው የሚል ክስ ለማቅረብ ግን በቂ ማስረጃ የለንም።

ጎረቤትን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። «አልወጣም እንዴ?» የሚለው ጥያቄ በተለምዶ እንደ ነገር ፍለጋ ይታያል፤ በተግባር ግን የዘበኛ ኃላፊ ዙር ነው። «ገና ነው» የሚለው መልስም ምንም ያልተከሰተበት ፈረቃ ሪፖርት ነው። «ዛሬ ማታ ይለቀቃል» የሚለው የቴሌግራም ወሬ ደግሞ የእሳት አደጋ ልምምድ ነው፤ ሁሉም ተነስቶ ይሯሯጣል፣ እሳት አለመኖሩ ይረጋገጣል፣ ሰው ቀለል ብሎት ይተኛል።

ለመላምታችን ከባዱ ፈተና ውጤቱ ከወጣ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ጠባቂው በእርግጥ ዘበኛ ከነበረ፣ ውጤቱ አጥሩን ዘሎ ከገባ በኋላ ቦታውን ለቆ መሄድ ነበረበት። ይህ ሆኖ አልታየም። ያለፈው «ምደባ መቼ ነው?» ማለት ይጀምራል። እናት ጅማን፣ አሶሳንና ጅግጅጋን በካርታ ላይ ሳይሆን በአውቶቡስ ሰዓትና በብርድ ልብስ ውፍረት ይለካሉ፤ የቆላው ወባ፣ የደጋው ውርጭ በየተራ ይነሳል፤ ወፍራሙ ይሁን ስሱ ሳይቆረጥ ሁለቱም ይገዛሉ። ያላለፈው የሬሚዲያል (የአቅም ማሻሻያ ትምህርት) መቁረጫ ነጥብ ስንት እንደሚሆን ይጠይቃል፤ ሬሚዲያሉን የጨረሰ ደግሞ የሬሚዲያሉን ውጤት። ምደባው ሲወጣ የአንደኛ ዓመት ውጤት፣ ከዚያ የዲፓርትመንት ምርጫ አለ። ስለዚህ ቤተሰቡ አድሚሽን ካርዱን መልሶ ፌስታሉ ውስጥ ይከትና ቁም ሳጥኑ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ምደባም የሚታየው በዚያው ቁጥር ነው።