የእንግሊዝኛ ቃል ብልት አወጣጥ

የዶሮ ብልት 12 ነው። በዚህ ላይ ባለሙያዎች ተከራክረው አያውቁም። ረዥም የእንግሊዝኛ ቃል ግን ሁለት ጊዜ ይበለታል፤ አንዴ በአፍ፣ አንዴ በትርጉም። አፍ የሚቆርጠው እንደተመቸው ነው፤ ትርጉም መገጣጠሚያ ይፈልጋል። ቢላዎቹ አንድ ቦታ ካረፉ አጋጣሚ ነው።

ለምሳሌ ሄሊኮፕተር። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ደ ፖንቶን ዳሜኩር በ1861 እ.ኤ.አ. ቃሉን ሲፈጥር፣ ሰው የሚያነሣ ሄሊኮፕተር ገና አልነበረም፤ ስሙ ቀድሞ ተነሣ። የተሠራውም ከሁለት የግሪክኛ ቃላት ነው፦ «ሄሊኮ» ጥምዝ፣ «ፕተር» ክንፍ። መገጣጠሚያው እንግዲህ ከ«ፕ» በፊት መሆኑ ነው። የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን ማን ጠይቆት! «ፕ»ን ከክንፉ ነቅሎ «ሄ-ሊ-ኮፕ-ተር» አለ፤ ቆየት ብሎም «ሄሊ» እና «ኮፕተር» ብሎ ለሁለት ሰነጠቀው። «ሄሊ» ከማረፊያ ጋር ተጋብቶ ሄሊፖርት ሆነ፤ «ኮፕተር» ብቻውን መብረር ጀመረ። ክንፉ ለሁለት ቢከፈልም እስካሁን በዚህ ምክንያት የወደቀ የለም።

የሀምበርገር ጉዳይ የባሰ ነው። ቃሉ «ሀምቡርግ» ከተባለው የጀርመን ከተማ ስም ላይ «የዚያ አገር» የሚያሰኝ «ኧር» ተቀጥሎበት የመጣ ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ሀም» የአሳማ ሥጋ ስለሆነ፣ ተመጋቢው ሀሙን ከበርገሩ ለየው፤ ዳቦው ውስጥ ያለው የበሬ ሥጋ መሆኑ አላሳሰበውም። «ቡርግ» በጀርመንኛ ምሽግ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ቺዝበርገር የሚያዝዝ ሰው፣ በጥብቅ ትርጉም፣ የአይብ ምሽግ ነዋሪ አምጡልኝ ማለቱ ነው። አስተናጋጁ ግን የሚጠይቀው ድንች ይጨመር እንደሆነ ብቻ ነው።

አታሚዎችም አልተስማሙም። እውቀት ማለት የሆነው «ኖሌጅ» መስመር መጨረሻ ላይ ሲደርስ፣ የእንግሊዝ አታሚ በልማዱ ትርጉሙን አክብሮ ከ«ል» በፊት ይቆርጠዋል፤ የአሜሪካው አፉን ተከትሎ ከ«ል» በኋላ። ነገሩ እስከ ዶክትሬት ደርሷል፤ ፍራንክ ሊያንግ በ1983 እ.ኤ.አ. ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮምፒውተር ቃላትን የት መቁረጥ እንዳለበት መመረቂያ ጽፎበታል። የጽሑፉ ርዕስ ራሱ በሰረዝ ተቆራርጦ ነው የታተመው፤ ጥናት ከራስ ይጀምራል።

የድሮው የአማርኛ አታሚ ዶክትሬት አላስፈለገውም። መስመር ሲያልቅ ቃሉም እዚያው ይቆረጣል፤ ሰረዝ የለ፣ ይቅርታ የለ። ከታች አንዲት «ም» ብቻዋን ተቀምጣ ትገኛለች፤ አንባቢ ወርዶ ያመጣታል።