ስድሳ አልሞላ ያላቸው ጋሼ

እኛ መሥሪያ ቤት አንድ ሰው ጡረታ የሚወጣበትን ቀን የማያውቀው ራሱ ወጪው ብቻ ነው። ዘበኛው ያውቃል። ሻይ የምታዞረው ልጅ ታውቃለች። ወንበሩ ላይ ዓይኑን የጣለው ምክትልማ ወሩን ከነቀኑ በቃሉ ይዞታል። ባለጉዳዩን ስትጠይቁት ግን መልሱ «ኧረ እኔ ገና ነኝ!» ነው።

የመዝገብ ቤቱ ጋሼ «ገና ነኝ» ማለት የጀመሩት በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ያውም ማንም ሳይጠይቃቸው። ዕድሜ ከተነሳ ታሪክ ውስጥ ይገባሉ። እናታቸው «አንተ የእንግሊዟ ንግሥት የመጣች ዓመት ነህ» ይሏቸው ነበር። ንግሥት ኤልሳቤጥ አዲስ አበባ የገባችው በጥር 1957 ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ቀኑ እየቀረበ ሲመጣ ግን ጋሼ «ስትመጣ በእቅፍ ነበርኩ ወይስ በሆድ?» የሚል ጥያቄ አነሡ። በሆድ ከሆኑ ጥቂት ወራት ይተርፏቸዋላ! አንድ ቀን እንዲያውም ሻይ ላይ «እናቴ ያኔ መች አገባችና!» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ጡረታ ግን ንግሥቲቱንም እናቲቱንም አያውቅም። የሚያውቀው ሲቀጠሩ የሞሉትን ቅጽ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ማስረጃ አይፍቀውም። ጋሼ ደግሞ በ1973 ሲቀጠሩ «ልጅ ነህ» ተብለው እንዳይመለሱ ሁለት ዓመት ጨምረው ሞልተዋል። በወረቀት የተወለዱት እንግዲህ በ1955፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በተመሠረተበት ዓመት ሆነና በ2015 ስድሳቸው ሞልቶ ቁጭ አለ። «ያቺን ሁለት ዓመት መልሱልኝ» ይላሉ። ማን እንደወሰደባቸው አይናገሩም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው እኮ እንዲህ ላለው ነው።

በገንዘብ ካየነው መቆየታቸውም ብዙ አይጠቅማቸውም። ጡረታው የሚሰላው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው፤ ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ፣ ከዚያ ወዲህ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ፣ ጣሪያው 70። የጋሼን 42 ዓመት ቁጭ ብዬ ደመርኩት። ልክ 70 መጣ፤ አንዲት ነጥብ አልጎደለችም፣ አንዲትም አልተረፈች። ደስ ብሎኝ ወረቀቱን ይዤላቸው ሄድኩ። መነጽራቸውን አወለቁና «ልጄ፣ አንተ ሥራ የለህም?» አሉኝ።

ያቺ የ3 ዓመት አማካይ ደግሞ ሌላ ጉድ ነች። ሒሳብ ክፍል ያለ አንድ ባልደረባችን ሃያ ዓመት ሙሉ የእድገት ማስታወቂያ ሲለጠፍ ቀና ብሎ አይቶ አያውቅም። ሃምሳ ሰባት በሞላ በሳምንቱ ከረባት አስሮ ከች አለ። ስብሰባ ላይ እጅ ያወጣል፣ አለቃውን ከመኪና ሲወርድ ቦርሳ ይቀበላል። እኛ ሰውየው ሁለተኛ ሚስት ሊያገባ ነው ብለን ነበር። ለካ የሚያሽኮረምመው ጡረታውን ነው።

ሁሉም ደባቂ አይደለም። ግዢ ክፍል አንድ ለፍላፊ ነበረን። 25 ዓመት ያገለገለ ሰው በ55 ዓመቱ በፈቃዱ ወጥቶ ጡረታውን መቀበል እንደሚችል የሆነ ቦታ ሰማና ጥቅምት ላይ «መስከረም ሲጠባ አታገኙኝም!» ብሎ አወጀ። ሕጉ የሚለው በፈቃድህ ስትለቅ አንድ ወር አስቀድመህ ንገር ነው። እሱ አሥራ አንድ ወር አስቀድሞ ነገረ። በኅዳር አበል ካለው ሥልጠና ላይ ስሙ ወጣ። በጥር ጥሩው ወንበሩ ተነስቶ የሚንገጫገጭ መጣለት። በመጋቢት ደብዳቤዎች ለሌላ ሰው ይመሩ ጀመር፤ እሱ ጋ የቀረው ስልክ ማንሳት ብቻ ሆነ። ነሐሴ ላይ የጤፍ ዋጋ አየና ሐሳቡን ቀየረ። ግን ማን ያምነዋል? ኮሪደር ላይ የሚያገኘው ሁሉ «እንዴ፣ አልወጣህም እንዴ?» ይለዋል። ሰውዬው ሳይወጣ ጡረተኛ ሆኖ ቀረ።

ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ ይህን ስነግረው ይስቃል፤ ሳቁ ግን የጤነኛ ሰው ሳቅ አይደለም። እዚያ በ62 ቀነስ ያለውን መውሰድ ይቻላል፣ በ67 ሙሉውን፣ እስከ 70 ከታገሱ ደግሞ ከፍ ያለውን። ሦስት ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ሲደውል ወሬው ይሄው ነው። የእኛዎቹ ምርጫ ስለሌላቸው ይጨነቃሉ፣ እሱ ምርጫ በዛበት ብሎ እንቅልፍ አጥቷል።

ወደ ጋሼ ልመለስ። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ጡረታው የደረሰ ሠራተኛ ከተፈለገና ተተኪ ካልተገኘለት አገልግሎቱ ሊራዘም ይችላል ይል ነበር። ጋሼ ከአዋጁ ሁሉ የወደዷት «ተተኪ ካልተገኘ» የምትለዋን ነው። እንዳይገኝ ደግሞ በትጋት ሠርተዋል። የፋይል ማኅደሮቹ ላይ ያለው ጽሑፍ በእርጅና ሲደበዝዝ አላደሱትም። የካቢኔቱ ቁልፍ ከወገባቸው አይወርድም፣ ከመጸዳጃ ቤት ሲመለሱ እንኳ ኮሪደሩ ላይ ሲንቃጨል ይሰማል። የተመደበችላቸው ረዳት በሁለት ዓመት ውስጥ የተማረችው ማኅተሙ የት እንደሚቀመጥ ብቻ ነው። እሱንም በየጊዜው ያዛውሩታል።

ያው አዋጅ ጡረታ ወጪው ሦስት ወር ሲቀረው በጽሑፍ ይነገረው ይል ነበር። ደብዳቤው ተጻፈ፣ ተፈረመ። ፐርሶኔል የነበረችው ልጅ ግን አንድ ነገር ረስታለች፤ ከዚህ ቤት የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ ወጪ ቁጥር የሚሰጠው መዝገብ ቤት ነው። ቁጥርና ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ደግሞ ደብዳቤ አይደለም፤ ይህንን ለ42 ዓመት ያስተማሩን ጋሼ ናቸው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ የጋሼ ደብዳቤ የጋሼ ጠረጴዛ ላይ ተኛ። ልጅቷ በየጧቱ እየመጣች «ጋሼ፣ ያቺ ደብዳቤ?» ትላለች። «ተራ አላት ልጄ» ይሏታል። ከእሷ በኋላ የመጡት ቁጥር እያገኙ ሲወጡ ቆመን እናያለን። በመጨረሻ ኃላፊው ራሱ ወረደ። ጋሼ የወጪ መዝገቡን ገለጡ፣ ብዕራቸውን ሁለት ጊዜ ወረቀት ጫፍ ላይ ሞከሩ፣ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፋቸው ቁጥርና ቀን ጻፉ፣ ማኅተሙን እፍ ብለው መቱት። ቀጥለው የገቢውን ደብተር ሳቡና «ተቀባይ» በሚለው ሥር ፈረሙ። ከዚያ ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ለማንም አልተናገሩም። እኛም ያላየን መስለን ተበታተንን።

ከዚያ በኋላ የቀረው መዋጮው ነው። በድብቅ መዞር የነበረበት ወረቀት እንደ ልማዳችን ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ተዳብሎ መዝገብ ቤት ገባ። ጋሼ መዋጮ ሲመጣ ለለቅሶም ለሠርግም ርዕሱን አያነቡም። ስማቸውን ጽፈው 200 ብር አስመዘገቡ፣ ወዲያው ከኪሳቸው አውጥተው ከፈሉ። «ለማን ነው?» አሉ ሲጨርሱ። የምታሰባስበዋ ልጅ «ለ… ለሚወጣ ሰው» አለች። «እግዜር ይርዳው» አሉ ጋሼ።

የሽኝቱ ዕለት ጋቢው ትከሻቸው ላይ ጣል ተደረገ። ንግግር ተደረገ፣ ለስላሳ ተከፈተ። ገንዘብ ያዧ የአዋጪዎችን ስም ካላነበብኩ ብላ ወረቀቱን ዘረጋች። ከዋና ሥራ አስኪያጁ ጀምራ ወረደች። መሐል ላይ ስትደርስ ቀና ሳትል፣ በዚያው ድምፅ፣ «የመዝገብ ቤቱ ጋሼ፣ 200 ብር» አለች። አዳራሹ አጨበጨበ። ጋሼም ጋቢያቸውን በአንድ እጅ ያዝ አድርገው አብረው አጨበጨቡ።