ስለ ቆንጂት መንቆር

ቤታችን የሚመጣ ሰው ሁሉ ገና ቡናው ሳይቀዳለት ቆንጂት ላይ ይፈርዳል። ግቢ ውስጥ ስትንጎራደድ ያያታል፣ ጠጋ ይላል፣ አንገቱን ዘመም ያደርጋል (ከመንቆሯ ጋር ለመስተካከል ይመስለኛል)፣ ከዚያ «ውይ! ምን ሆና ነው? ለምን አታርዷትም?» ይላል። አክስቴ ብለዋል፤ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ልጅ ብሏል፤ የንስሐ አባታችንም ጸበል ረጭተው ሲወጡ በለሆሳስ ብለውታል።

ቆንጂት ሳሶ የሚባል ዝርያ ዶሮ ናት። የ45 ቀን ጫጩት ሆና ከእኅቶቿ ጋር በካርቶን ስትመጣ መንቆሯ ዘንበል ያለ ነገር ነበረው። እያደገች ስትሄድ ላይኛው ወደ ግራ፣ ታችኛው ወደ ቀኝ ተለያዩ። ስሙን ያወጡላት ልጆች ናቸው፤ እኔን ያማከረኝ የለም። የእንስሳት መድኃኒት ቤት ሄጄ ነገሩን ባስረዳ፣ ሻጩ ብዕሩን አዘጋጅቶ «ስንት መቶ ዶሮ ነው ያለዎት?» አለኝ። አንድ መሆኗን ስነግረው ብዕሩን ከደነው።

እስቲ ስለዚህ እርድ ነገር በደንብ እንነጋገር። ዶሮ ስትበለት 12 ትሆናለች። ፈረሰኛው የማን እንደሆነ፣ መላላጫው ለማን እንደሚወጣ ስንጣላ ነው የኖርነው። መንቆር የደረሰው ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ገበያ ወጥተን ስንገዛም ብድግ አድርገን ክብደቷን እንገምታለን፣ ደረቷን እንዳብሳለን፣ ላባዋን እፍ ብለን ስቧን እናያለን፤ መንቆሯን አገላብጦ «ይሄማ ጠማማ ነው፣ ቀንሽልኝ» ያለ ገዢ የለም። መታረድ መንቆር አይጠይቅም፤ መኖር ነው የሚጠይቀው። ታዲያ በመንቆር ሰበብ እርድ የሚታዘዘው በየትኛው ሕግ ነው?

ስለ መንቆር ሳወራ ይሳቅብኛል። ፒተርና ሮዝሜሪ ግራንት የሚባሉ ባልና ሚስት ግን ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጋላፓጎስ ውስጥ ዳፍኒ ሜጀር በምትባል ጭንጫ ደሴት ላይ እየተመላለሱ የፊንች ወፎችን መንቆር በሚሊሜትር ሲለኩ ኖረዋል። በ1977 ደሴቲቱን ድርቅ መታት። ትንንሹና ለስላሳው ፍሬ አለቀ፤ ከቀረው ውስጥ የእኛ ኩርንችት ዘመድ የሆነ ጠንካራ እሾሃም ፍሬ ነበረበት። አብዛኞቹ ወፎች ሞቱ፤ ይበልጥ የተረፉት ያንን መስበር የሚችል ወፍራም መንቆር ያላቸው ነበሩ። ልጆቻቸውም ወፍራም መንቆር ወረሱ። ለውጡ በአማካይ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ግማሽ ሚሊሜትር! ቆንጂት እኮ የዚያን ብዙ እጥፍ ተዛንፋ እንቁላል ትጥላለች። ግራንቶች ግን ተከበሩ፣ ተሸለሙ፤ እኔ «ሥራ ፈት» ተባልኩ።

ሥራውስ ቢሆን መቼ አነሰኝ? መንቆር ጥፍራችን ከተሠራበት ነገር የተሠራ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ያድጋል። ደህና ዶሮ መሬት ስትነቁር፣ ድንጋይ ላይ ስትጠርገው ይሞረዳል። የቆንጂት ጫፎች ስለማይገናኙ ዝም ብለው ይረዝማሉ። ስለዚህ ሲመሽ፣ ዓይኗ ማየት ሲያቅተው፣ ከቆጥ አውርጄ በፎጣ እጠቀልላታለሁ። የስልኬን መብራት ከመንቆሯ ጀርባ አደርጋለሁ። ብርሃን የሚያሳልፈው ጫፍ ሕይወት የለውም፤ ቀላ ብሎ የሚጠቁረው ጋ ሲደርስ የደም ሥር አለ፣ አይነካም። ጫፉን በጥፍር መቁረጫ ጥቂት ጥቂት፣ የቀረውን በሞረድ። ደም ብልጭ ካለ የሚነሰነስ የበቆሎ ዱቄት አጠገቤ አይጠፋም። የጥፍር መቁረጫው የማን እንደሆነ እዚህ ባይነሳ ይሻላል።

ጥሬ ከተበተነላት እሷ አንዷን ፍሬ ስታባርር እኅቶቿ ግቢውን ያጸዱታል። ስለዚህ ለብቻዋ ጎድጓዳ ሳህን ጡብ ላይ ይቀመጥላታል፤ ውስጡ በውሃ የራሰ ፉርሽካና የበቆሎ ዱቄት። አካፋ እንደያዘ የቀን ሠራተኛ እየዛቀች ትበላለች፤ ግማሹ ደረቷ ላይ ይቀራል። ላባዋን ማበጠር ስለማትችል ቅንቅን ይወዳታል፤ ለሱም አመድ አለ።

በቀደም አንድ ዘመዳችን የሱቅ እንቁላል ፍርፍር እያጣጣመ፣ «ይቺን ማኖር ግፍ ነው» አለኝ። ግፍ! እንቁላል ጣይ ዶሮ በብዛት በሚረባበት ዓለም ደህና መንቆር ገና በጫጩትነት፣ አንዳንዴ በተፈለፈሉ ማግሥት፣ በጋለ ምላጭ ወይም በኢንፍራሬድ ጨረር ጫፉ ይነሳል። ለምን? ተጨናንቀው ሲያድጉ እርስ በርስ ይነቋቆራሉ። ቦታ ከማስፋት መንቆር ማሳጠር ይረክሳላ! ኖርዌይ፣ ስዊድንና ፊንላንድ ይህን ከከለከሉ ቆይተዋል። በብዙ ሌላ አገር ግን ይቆረጣል፤ አንዳንዱም መልሶ ሲያድግ ጠሞ ያድጋል። በገዛ እጃችን ለምናጣምመው አንድ ሰው ከንፈሩን አይመጥም፤ እግዜር ያጣመመው እኔ ግቢ ሲገኝ ሁሉም ርኅሩኅ ይሆናል፤ ርኅራኄውም ቢላ ይዞ ነው የሚመጣው! ይህን ሁሉ ሳልነግረው አልቀረሁም። ድምፄም ከፍ ሳይል አልቀረም፤ ፍርፍሩ በረደበት።

ሰውዬው ክፉ አይደለም። ሲወጣ ደረቅ ዳቦ ቆርሶ ሰጣት። ወረወረችው። እሱም ጎንበስ ብሎ አነሳና በምራቁ ሊያርሰው ሲል ባለቤቴ በውሃ አደረገችለት።

አሁን ደግሞ ጭቅጭቁ ወደ እንቁላሉ ዞሯል። ጎረቤታችን እትዬ ለፋሲካ ከእኔ ሊገዙ ፈልገው «የሀበሻ ነው የፈረንጅ?» ይሉኛል፤ ዋጋው ይለያያላ። በዘሯ ፈረንጅ ናት። ግን ሣር ትነጫለች፣ ትል ትለቅማለች፣ አስኳሉም ቢጫ ነው። እሳቸው ቅርፊቱ ቡናማ ነው ብለው ይከራከራሉ። እኔ አስኳሉን ነው የምንበላው እላለሁ። እሳቸው ደግሞ ወጡ ላይ የተቀቀለው ተልጦ ስለሚገባ ቅርፊቱን የሚያውቁት የገዙት እሳቸው እንጂ እንግዳው አይደለም፣ ስለዚህ ለእንግዳው ሀበሻ፣ ለሂሳቡ ፈረንጅ ይሁን አሉኝ።