«ቮልስ እኮ ናት!» ላላችሁኝ ሁሉ

እሺ፣ ቮልስ ናት። ታዲያ ምን ይጠበስ? ሞተሯ ግቢያችን ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያው ጎን፣ አሮጌ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ወር ከርሟል። ሦስቱንም ወር በአጥር ላይ፣ በበር ስንጥቅ፣ በሚኒባስ መስኮት ሳይቀር ያልተወረወረብኝ ነገር የለም። ሰምቼ ዝም ያልኩት እጄ ዘይት ስለነበረ ነው። ዛሬ ታጥቤያለሁ።

«ጋራዥ ጠፍቶ ነው ቤትህ የምትበታትናት?»

ጋራዥማ ሞልቷል። ግን ይህን ሞተር የያዘው አራት ቦሎን ነው። ባትሪውን ነቅለህ፣ የቤንዚን ጎማውን ደፍነህ፣ የቤንዚን መስጫ ሽቦውን ፈትተህ፣ አራቱን በ17 ቁልፍ ካላላህ፣ ክሪክና አንድ ጠንካራ ወንድም ካለህ ከምሳ በፊት መሬት ላይ ነው። እንዲህ በቀላሉ የሚወርድ ሞተር ይዤ ለምን የሰው ደጅ ልጥና?

«ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ብረት ተመልሶ ይገባል?»

ይገባል፣ እማማ። እርስዎ የሰጡኝን የእንቁላል ካርቶን ይዩት። ስምንቱም ቫልቭ በየጉድጓዱ ቆሟል፤ ከየጉድጓዱ ሥር የሲሊንደሩ ቁጥር ተጽፏል። አብሮ ያረጀ ብረት አብሮ ይመለሳል። የተደበላለቀ ዕቃ የሚተርፈው «አውቀዋለሁ» ብሎ ሳይጽፍ ለሚፈታ ሰው ነው።

«ቮልስ ደግሞ ጉልበት ምን ያደርግላታል? ከማን ጋር ልትሽቀዳደም?»

ከማንም። የተወሰደባትን ነው የማስመልሰው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠችው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ግድም ነው። ሞተር ደግሞ ቤንዚን ብቻ አይበላም፤ አየር ይበላል። ሁለት ቀዳዳ ቴስታታ ያላት 1600 ቮልስ ከፋብሪካ ስትወጣ 50 የፈረስ ጉልበት ነበራት። እዚህ ስትደርስ 38 ቢቀራት ነው። 12ቱ ፈረስ ወደብ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ቤተሰብ ጭና ዳገት ላይ ስታቃስት «አርጅታ ነው» የምትሉ፣ እርጅና አይደለም፤ ትንፋሽ አጥሯት ነው።

የእኔ ሥራ ይኸው ነው። የፒስተኑ ስፋት 85.5 ሚሊ ሜትር ነበር፣ ምቱ 69፤ አራቱ ሲደመሩ 1,584 ሲሲ። የሞተሩን ቤትና ቴስታታውን ቶርኖ ቤት አስከፍቼ 90.5 አስገባሁ፤ 1,776 ሲሲ ሆነች። ትልቀቷ ብቻ በእኛ አየር አራት አምስት ፈረስ ይመልሳል። የቀረውን ከመጭመቂያውና ከካርቡራቶሩ ፈልቅቄ ማውጣት ነበረብኝ።

«ለምን ትደክማለህ? 87 ፒስተን ሳይቆረጥ ሳይፈለጥ ዝም ብሎ ይገባል።»

ይገባል፤ ግን የሲሊንደሩ ግድግዳ ይሳሳል። ቮልስ ውኃ የላትም፤ የሚያቀዘቅዛት አየርና ዘይት ነው። ስስ ግድግዳ ሲግል ክብነቱን ይለቃል፤ ከዚያ ፋሻው አይዘጋም፤ ዘይት ትበላለች። ቶርኖ ቤት ላለመሄድ ብዬ በዓመቱ ሞተር ከማወርድ አንዴ ሄጄ ልገላገል።

አሁን የሻጩን ላንሳ። ሶማሌ ተራ ብሮንዚን ስገዛ «ስታንዳርድ ነው፣ ሳጥኑ ላይ ተጽፏል፣ ዝም ብለህ ግጠም» አለኝ አንዱ። ሳጥኑን አልገጥምም፣ ወንድሜ፤ የምገጥመው ውስጡ ያለውን ነው። ቤቴ ገብቼ ክራንክ ሻፍቱን በማይክሮሜትር ስይዘው 54.75 አነበበ። የፋብሪካው ልክ 55 ነው። አንድ የቀድሞ ባለቤት አንዴ አስሞርዶታል፤ የወሰደው ሩብ ሚሊ ነው። ስታንዳርዱን ብሮንዚን እዚያ ላይ ብገጥም ዘይቱ በክፍተቱ ይፈስስ ነበር። ክራንክ ሻፍቱ እየተንኳኳ ብሮንዚኑን ይፈጨውና ሦስት ወር የለፋሁበት በአንድ ጉዞ አፈር ይሆናል። መለስኩለት፤ 0.25 የሚለውን ወሰድኩ፤ እሱንም ለክቼ ነው የወሰድኩት። «አታምነኝም?» አለ። የማምነው ማይክሮሜትሩን ነው፤ እሱ ዘመድ የለውም።

«ፀጉር ለምታህል ክፍተት ሁለት ቀን?»

አዎ፣ ለፀጉር። ቮላኖው ሲገጠም ክራንክ ሻፍቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሊንቀሳቀስ የሚፈቀድለት ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይህን የሚወስኑት ሦስት ስስ ሮንዴላዎች ናቸው፤ ሁለት አይደሉም፣ አራትም አይደሉም። የዘይት መከላከያ ጎማውን ሳላስገባ ሁለቱን ገጠምኩ፣ ቮላኖውን አጠበቅኩ፣ መለኪያውን አስደግፌ ገፋሁት፣ ሳብኩት። 0.44 አለኝ። ከዚያ ላይ የምፈልገውን 0.10 ቀነስኩ፤ የሦስተኛው ሮንዴላ ውፍረት 0.34 መሆን አለበት ማለት ነው። የነበረኝ 0.36 ነበር። «እሱኑ ግጠመው፣ ምን ልዩነት አለው?» አለኝ ወንድሜ፣ እጁ እንደ እኔው ጠቁሮ፣ ሆዱ ርቦት። 0.08 ይሆናል፤ ይፈቀዳል። ግን የሞተር ብረት ሲግል ልኩ ይለዋወጣል፤ እኔ ደግሞ ጠርዝ ላይ መቆም አልወድም። በማግስቱ 0.34ቱን ፈልጌ አመጣሁ።

«መርፌ ደግሞ ከፋርማሲ? ታምማለች እንዴ?»

አልታመመችም፤ እየለካኋት ነው። ቴስታታው ላይ ያሉት አራት ጉድጓዶች እኩል ካልሆኑ አራቱ ሲሊንደሮች እኩል አይሠሩም። ካንዴላና ቫልቭ ገጥሜ፣ ጉድጓዱን በመስታወት ከድኜ፣ ነጭ ጋዝ በመርፌ እየሞላሁ ቆጠርኩ። አንዱ 52.5 ሲሲ፣ ሁለቱ 53፣ አንዱ 54 ያዙ። ትንንሾቹን ሞርጄ ሁሉንም 54 አደረስኳቸው። ከፒስተኑ ራስ በላይ አንድ ሚሊ ተኩል ክፍተት ትቼ ስደምረው 8 ለ 1 ግድም መጣ፤ የፋብሪካው 7.5 ነበር። ስስ አየር ላይ ከዚህም በላይ መጭመቅ ይቻላል። ያልጨመርኩት አዋሽም ድሬም ስለምወርድ ነው፤ ቆላ ላይ አየሩ ሲወፍር የበዛ መጭመቂያ ሞተር ያንኳኳል፤ የሚያንኳኳ ሞተር ደግሞ ፒስተን ይበሳል።

ካርቡራቶሩም እንዲሁ። ባሕር ዳርቻ ላይ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ሲመጣ አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚን የሚያፈሰው ቀዳዳ ግን አይጠብም። ያን ጊዜ ካንዴላው ጥላሸት ለብሶ ይወጣል። እኔ ካንዴላውን እየፈታሁ ቀለሙ ቡናማ እስኪሆን ድረስ ቀዳዳውን ቀያየርኩ። በየወሩ ካንዴላ እየገዛችሁ «ቤንዚኑ ነው» የምትሉ፣ እስቲ ቀዳዳውን እዩት።

«እና ማርሚታዋን መቼ ነው የምትቆርጣት? ጉልበቷን እንስማው እንጂ!»

ጩኸት የፈረስ ጉልበት አይደለም። በሌሊት ማርሚታ ቆርጠህ ሕፃን የምታስነሳ ጎረምሳ፣ ሞተርህ ያው ነው፤ የተጨመረው የጎረቤት እንቅልፍ ማጣት ብቻ ነው። ጉልበት ጨመርኩ የሚል ሰው አስቀድሞ ፍሬኑን ያሳየኝ። እኔ አራቱንም ጎማ ፈትቼ የፍሬን ሸራውንና ሲሊንደሩን የቀየርኩት ሞተሩ ገና ጠረጴዛ ላይ ሳለ ነው።

የሞተሩን ቆርቆሮ ሽፋን ለምን እንደቀየርኩ የጠየቅከኝ ልጅ ግን ጥሩ ጠይቀሃል። በአሮጌዎቹ ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው በአየሩ መንገድ ላይ ቆሞ ሦስተኛውን ሲሊንደር ያፍነዋል፤ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚቃጠለው እሱ ነው። ፋብሪካው ራሱ በ1971 ሞዴል ማቀዝቀዣውን ከመንገዱ አውጥቶ ለብቻው ቤት ሠራለት። እኔም ያንን አገኘሁና ገጠምኩ። ሞተር ቀይሯል እንዳትሉኝ፣ ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ይገጥማል፤ የሞተሩን ቤት አልለወጥኩም። ሲሲዋ መጨመሩን ለቦሎ ስቀርብ ራሴ እናገራለሁ።

«ሽጣትና ኤሌክትሪክ ግዛ።»

ኤሌክትሪክ መልካም ነው፤ አየር ስለማይተነፍስ ደጋ ቆላ አይለይም። ግን በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከታገደ ወዲህ፣ ያለውን ሞተር አሳምሮ የሚያድስ እጅ ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አያንስም።

ሞተሯን መልሼ ባስገባሁበት ቅዳሜ ካንዴላ ሳልገጥም በሞተሪኖ አዞርኳት፤ የዘይቱ ቀይ መብራት እስኪጠፋ። ከዚያ ካንዴላውን ገጥሜ አስነሳኋት፤ ካምሻፍቱ እንዲለምድ 20 ደቂቃ ከ2,000 ዙር በላይ ይዣት ቆምኩ። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ድሮ በሁለተኛ ማርሽ የምታቃስትበትን ዳገት በሦስተኛ ወጣችው። አራት ሰው ነበርን።

«ታዲያ አለቀላት?»

አላለቀላትም። ዛሬ 500 ኪሎ ሜትር ሞላች። የፊታችን ቅዳሜ ሁለት ሊትር ተኩል ዘይቷን አፍስሼ ወንፊቷ ላይ ብረት እንዳለ አያለሁ፤ ሞተሯ ቀዝቅዞ ሳለ ቫልቮቿን 0.15 ላይ እለካለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ክፍት ነው። ልትተርብ የምትመጣም ቱታ ለብሰህ ና።