ምን ጠፍቶባችሁ ነው?

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ፤

እኔ ከእናንተ ናፍቆትና ከሁለቱ ጉልበቶቼ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። የጉልበቶቼን ጉዳይ ባለፈው በስልክ ጀምሬልዎ ነበር። «ከአንድ ወዳጄና ከውሻው ጋር ተራራ ስንወጣ ዋልን» ስልዎ «ምን ጠፍቶባችሁ ነው?» አሉኝ፤ መልሱን ሳወጣና ሳወርድ ኔትወርኩ ተቋረጠ። እውነቱን ልናገርና፣ ባይቋረጥም መልስ አልነበረኝም። አሁን ወደ ሰቆጣ የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ በጽሑፍ ልሞክረው።

ወዳጄ አብሮኝ የሚሠራ የዚህ አገር ሰው ነው። ደግ ነው፤ ጉድለቱ ዕረፍት አለማወቁ ብቻ ነው። አምስት ቀን ሙሉ ስንጭንና ስናራግፍ ከርመን ቅዳሜ ሲመጣ፣ እንደ ሰው ተኝቶ እንደ ማርፈድ፣ የሚወጣ ተራራ ያፈላልጋል። ለነሐሴ 16 የመረጠው ኤልበርት የሚባለውን ነው፤ 4,401 ሜትር፣ የሮኪ ተራሮች ሁሉ አለቃ። ቀኑን ልብ ይበሉልኝ። እናንተ ፍልሰታን ፈትታችሁ፣ ልጃገረዶቹ ሻደዩን ወገባቸው ላይ አስረው ከበሮ ሲደልቁ፣ እዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፤ እኔ ግንባሬ ላይ መብራት አስሬ፣ ጫካ ውስጥ የውሻ ጭራ ተከትዬ እሄዳለሁ።

በመኪና ስንሄድ «ከፍታው እንዳይከብድህ» ቢለኝ ሳቅሁበት። የምንኖርባት ደንቨር አንድ ማይል ከፍ ያልሁ ከተማ ነኝ ብላ ትኩራራለች፤ አንድ ማይል ማለት 1,609 ሜትር ነው። ሰቆጣ ከ2,200 ሜትር በላይ ናት። «እኔ እዚህ የመጣሁት ቆላ ወርጄ ነው» አልሁት። በዚህ ብተው ምን ነበረበት! ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ መሆኑን፣ ከአላስካ በቀር መላው አሜሪካ ቢፈተሽ እሱን የሚያክል ተራራ እንደማይገኝ፣ የእነሱ ትልቁ ዊትኒ እንኳ 4,421 ላይ እንደሚቀር አስረዳሁት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስኮራ ራሴ የተከልሁት ይመስል ነበር።

አሁን ወደ ውሻው። ስሙ ሳሙኤል ነው። አዎ፣ እንደ ነቢዩ። ይህን የሚያነቡልዎ መምሬ ከሆኑ ይቅር ይበሉኝ፣ ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ሳሙኤል ሐኪም አለው፣ የጤና መድን አለው፣ ልደቱ ይከበራል። የእኛ ውሻ ማን ይደፍራል ሌሊቱን ሙሉ ጅብ ሲያባርር አድሮ ደመወዙ የእንጀራ ጠርዝ ነው፤ እሱም ከተረፈ። ሳሙኤል ግን የራሱን ውኃና ምግብ በራሱ ቦርሳ ተሸክሞ፣ ድንጋዩ እግሩን እንዳይፈጀው ጫማ አድርጎ ነው የመጣው። አራት ጫማ፣ አባዬ፣ ከነማሰሪያው። እኔ መጀመሪያ ጫማ ያደረግሁት ስንተኛ ክፍል ሆኜ እንደ ነበር እርስዎ ያውቃሉ።

ያንንም ቻልሁት። ጥቂት እንደ ሄድን ሳሙኤል መንገድ ዳር ተጸዳዳ። እኔ አለፍሁት። ወዳጄ ግን ቆመ፤ ጎንበስ ብሎ ትኩሱን በፌስታል ጠቀለለ፣ ጫፉን በጥንቃቄ ቋጠረ፣ ከቦርሳው ጎን አንጠለጠለው። «ለማሳህ ነው?» አልሁት። ማሳ የለውም። ይህን ቋጠሮ ከጫፍ አድርሶ እንደገና ይዞት ሊወርድ ነው። ከዚያ በኋላ ከሁለቱ ጌታው የትኛው ነው ብለው ቢጠይቁኝ አፌን ሞልቼ አልመልስም።

ዛፉ አልቆ ሣርና ድንጋይ ብቻ ሲቀር ራሴ እንደ ከበሮ ይመታ ጀመር። ሁለት እርምጃ እሄዳለሁ፣ አንድ አርፋለሁ። ለካ ከፍታ የትውልድ ቦታ አይጠይቅም፤ ስምንት ዓመት በመኪናና በአሳንሰር የኖረን ሰው ከቆላ ቆጥሮ ነው የሚቀጣው። ወዳጄ ራስ ዳሸንን አላነሣብኝም። ሳሙኤል ግን እየቀደመ ቆም ይልና እረኛ ወደ ኋላ የቀረች በግ እንደሚያይ ያየኛል።

ይባስ ብሎ ኤልበርት ውሸታም ነው። ጫፉን አየሁ ብለው ነፍስዎን ይዘው ሲደርሱ፣ ከኋላው ሌላ ጫፍ ብቅ ይላል። እሱን ሲጨርሱ ደግሞ ሌላ። ከላይ የሚወርዱትም ያግዙታል፤ ሁሉም ጥርሱን እያሳየ «ደርሳችኋል፣ ትንሽ ናት!» ይላል። ይኼኔ አገሬ ያለሁ መሰለኝ። የእኛ ሰው አገጩን ቀና አድርጎ «እዛችው ናት» ያላት ቦታ ግማሽ ቀን እንደምታስኬድ ሳውቅ ነው ያደግሁት። ፈረንጅ እንዲህ ሲዋሽ ስሰማ የመጀመሪያዬ ስለሆነ እንዲያውም ወደድኋቸው።

ለምሳ ወዳጄ ቆሎ አወጣ። ቆሎ ያልሁት እኔ ነኝ፤ ኦቾሎኒ፣ ዘቢብና ቸኮሌት ቀላቅለው ለተራራ ብቻ የሚሸጡት ነገር ነው። እኔ በሶዬን በፕላስቲክ ጠርሙስ በጥብጬ ጠጣሁ። ቀመሰው፣ ደገመው፣ የት እንደሚሸጥ ጠየቀኝ። ዋግ አልሁት። እየበላን ፊት ለፊት የቆመውን ማሲቭ የሚባል ተራራ አሳየኝ፤ 4,398 ሜትር ነው፣ ከኤልበርት የሚያንሰው በሦስት ሜትር ገደማ ነው። ደጋፊዎቹ ጫፉ ላይ ድንጋይ ቆልለው ሊያስረዝሙት ሲሞክሩ፣ የኤልበርት ወገኖች እየወጡ ያፈርሱባቸው ነበር ይባላል። የድንበር ድንጋይ መግፋት የእኛ አገር ብቻ መስሎኝ ስንት ዓመት አፍሬአለሁ!

ጫፉ ላይ ደረስን። ታቦት የለም፤ ጸበል የለም፤ ከወዲያ ማዶ ገበያ የለም። ሰው ፎቶ ይነሣል፣ ይተቃቀፋል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ወዳጄ ምን እንደ ተሰማኝ ሲጠይቀኝ አፍሬ ዝም አልሁ፤ ዓይኔ ሳላዘው ገደል ገደሉን ፍየል ይፈልግ ነበርና። እንዲህ ያለ ቦታ የወጣሁት ፍየል ጠፍቶብን በላኩኝ ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄዎን በመጨረሻ ልመልስ፤ የጠፋብን ነገር የለም፣ አልተገኘምም።

ብዙም አልቆየንም። እዚህ በክረምት ከቀትር በኋላ መብረቅ ስለሚወርድ ሰው ሁሉ እኩለ ቀን ሳይሆን ከጫፍ ለመውረድ ይጣደፋል። ቁልቁለቱን አልተርክልዎም፤ ጉልበቶቼ ይመስክሩ። ሳሙኤል መኪናው ጋ ሲደርስ የኋላ ወንበር ላይ ተዘርግቶ አንኮራፋ፤ እኔ ቋጠሮው ከተቀመጠበት ጎን ተቀመጥሁ።

ለእማዬ፣ ለእታለም፣ ለመምሬ፣ ለጎረቤቱም ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

እሽጉ ውስጥ አራት ትንንሽ ጫማዎች ያገኛሉ። የልጅ አይደሉም። ሳሙኤል አዲስ ስለተገዛለት ወዳጄ «ለአባትህ ውሻ» ብሎ የሰጠኝ ነው፤ እምቢ ማለት ነውር ሆነብኝ። አደራ ግን፣ አምና የላክሁልዎን ጫማ ለጥምቀት ብለው ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል ብላ እታለም ነግራኛለች። ቢያንስ እሱን አውጥተው ሳያደርጉ ለማን ይደፍራል እንዳያጠልቁለት።

ልጅዎ