ውዳሴ ነጋዲ

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብለው የተናገሩት አባቶቻችን፣ በብዙ ነገር አስተዋዮች ቢሆኑም፣ የአሜሪካንን ገበያ ሳያዩ ስላለፉ በዚህ በአንዱ ተሳስተዋል ቢባል ድፍረት አይሆንም፤ ዛሬ የሰው ወርቅ ብቻ ሳይሆን የሰው ላብ፣ የሰው ወጣትነትና የሰው ስም ሳይቀር ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ተብሎ በመስቀያ ላይ ተንጠልጥሎ ይሸጣልና፣ የገዛውንም ሰው እጅግ ያደምቀዋል። እኔም ይህን ንግድ ለብዙ ጊዜ ከተመለከትሁ በኋላ፣ እስከ ዛሬ ድረስ አንድ ስንኳ ተነሥቶ ለነጋዴው የሚገባውን ምስጋና ያቀረበ ሰው አለመኖሩ ስላሳዘነኝ፣ ይህን አጭር ውዳሴ ልጽፍለት ተነሣሁ።

ነገሩ ስለ ጃኬት ነው። በአሜሪካ ድራም ኮር እየተባሉ የሚጠሩ የከበሮና የመለከት ጓዶች አሉ፤ ከጥንቶቹ ብዙዎቹ ከጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ማኅበራትና የካቶሊክ አጥቢያዎች የሰፈራቸውን ልጆች ከመንገድ ሰብስበው በሰልፍና በዜማ ሊያንጿቸው ያቆሟቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1972 በዊስኮንሲን ግዛት ዋይትዋተር በተባለች ከተማ የጓዶቹ የጋራ ማኅበር የመጀመሪያው ሻምፒዮና ተደርጎ አናሃይም ኪንግስሜን የተባለው የካሊፎርኒያ ጓድ ካሸነፈ ወዲህ በነሐሴ ሲወዳደሩ ኖረዋል፤ የዛሬው የመጨረሻ ውድድር ኢንዲያናፖሊስ ባለው ሉካስ ኦይል ስታዲየም ነው። ክላርኔትና ዋሽንት በዚህ ማኅበር ቦታ የላቸውም፤ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ናሱ፣ ከበሮውና ባንዲራው ናቸው።

እንግዲህ አንድ ልጅ የጓዱን ጃኬት ለመልበስ ምን እንደሚከፍል አስቀድሜ ልናገር፤ ነጋዴው ምን ያህል ድካም እንዳቃለለልን የሚታወቀው ያን ጊዜ ነውና። ልጁ በብርዱ ወራት ተፈትኖ ካለፈ፣ ደመወዝ የሚከፈለው ሳይሆን እሱ ራሱ ብዙ ሺህ ዶላር ከፍሎ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከእናቱ ቤት ወጥቶ፣ ሌሊቱን በአውቶቡስ ወንበር ላይ ሲያንጐላጅ አድሮ፣ ጎሕ ሲቀድ በማያውቀው ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ወለል ላይ ለጥቂት ሰዓት ጋደም ብሎ፣ ከዚያም ተነሥቶ ከጠዋት እስከ ማታ በፀሐይ ላይ አንዲቱን ዜማ ደጋግሞ እስኪያንገፈግፈው እየነፋ፣ በአንገቱ ባንጠለጠላት ትንሽ ደብተር የጻፈውን የመቆሚያ ነጥብ በእርምጃ እየቈጠረ፣ መደበኛ እርምጃውም ስምንቱ አምስት ያርድ የሚጨርስ፣ እያንዳንዱ 22 ኢንች ተኩል የሆነ፣ ከዚህ ቢያልፍ ወይም ቢያጥር ከጎረቤቱ መለከት ጋር የሚያጋጭ እንዲሆን እየተጠነቀቀ፣ በጋውን በሙሉ ይዘልቃል። ወደ 22 ዓመቱ ሲጠጋም፣ የቱንም ያህል መልካም ነፊ ቢሆን፣ ዕድሜህ አልፏል ተብሎ ይሰናበታል። ከዚያ ሁሉ በእጁ የሚቀረው ስሙ በደረቱ ላይ የተጠለፈበት፣ የተሰለፈበት ዓመት የተለጠፈበት አንድ ጃኬት ነው። በብዙ ጓዶችም ዘንድ ያልተሰለፈ ሰው ይህን ልብስ እንዳይለብስ የሚከለክል፣ በየትም ያልተጻፈ ግን ሁሉም የሚያውቀው ቀኖና አለ።

ነጋዴው ግን ጃኬቱን ለከፈለው ሁሉ በመሸጥ ይህን ሁሉ መከራ ወደ አንዲት ደቂቃ አሳጠረው። ይህን ያህል ርኅራኄ ከማን ይገኛል?

የያዕቆብን ልጆች አስታውሱ። ወንድማቸውን ዮሴፍን በሃያ ብር ሸጡትና፣ ኅብረ ቀለም ያለውን ቀሚሱን ግን በፍየል ደም ነክረው ለአባታቸው በነጻ ላኩለት። ጨካኞች መሆናቸውን ሁሉም ሲናገር ኖሯል፤ ንግድ የማያውቁ መሆናቸውን ግን የተናገረ አላየሁም። የዘመናችን ነጋዴ ሥራውን አስተካክሎታል፤ ሰውየውን ይተወዋል፣ ቀሚሱን ይሸጣል፤ ደሙም እንዳይታይ አስቀድሞ በላውንደሪ ያሳጥበዋል። ኤልያስም ቢሆን በሠረገላ እሳት ሲያርግ መጐናጸፊያውን ለኤልሳዕ ዝም ብሎ መጣሉ ትልቅ ኪሳራ ነበር፤ ከዮርዳኖስ ማዶ ቆመው ይመለከቱ ከነበሩት ከሃምሳው የነቢያት ልጆች መካከል የተሻለ ዋጋ የሚያቀርብ አይጠፋም ነበርና።

ገዢውም ቢሆን ሊመሰገን ይገባዋል። ሲሞን መሠርይ የመንፈስ ቅዱስን ጸጋ በገንዘብ ሊገዛ ለሐዋርያት ብር ባቀረበ ጊዜ የተረፈው እርግማን ብቻ ነበር፤ የእኛ ሲሞን ግን ብሩን ከፍሎ፣ ጸጋውን ለብሶ፣ ስታዲየም ገብቶ፣ ከፊት ወንበር ይቀመጣል። አንድ ሽበታም ሰው ድንገት ዓይኑ እያበራ ወደሱ ይመጣና፣ «በየትኛው ዓመት ነበርህ ወንድሜ? ምን ትነፋ ነበር?» ብሎ ሲጠይቀው ግን የተገዛው ጸጋ ትንሽ ይጐድላል። ይህ የገዢው ጥፋት አይደለም፤ ነጋዴው ዕቃውን ሳያሟላ መሸጡ ነው። ከያንዳንዱ ጃኬት ጋር ሁለት ገጽ የምታህል የትዝታ ደብተር፣ ይኸውም አውቶቡሱ የት እንደ ተበላሸ፣ አሠልጣኙ ምን ብሎ እንደ ተቆጣ፣ ልጁ በመጨረሻዋ ሌሊት ለምን እንዳለቀሰ የሚያስረዳ፣ በመጠነኛ ተጨማሪ ሒሳብ አብራ ብትሸጥ እንዲህ ያለው ኀፍረት አይደርስም ነበር።

ነጋዴው «ገንዘቤን ከፍዬበታለሁ፤ የኔ ነው» ይላል፤ ሕጉም ከእሱ ጋር ነው። የአሜሪካ መንግሥት እንዳይሸጥ የከለከለው ሜዳል ኦፍ ኦነር የሚባለውን ከፍተኛውን የጀግንነት ኒሻን ነው እንጂ ስለ ከበሮ መቺ ጃኬት የተናገረው ቃል የለም። እንዲያውም ያልተሸለሙትን ኒሻን ተሸልሜአለሁ ብሎ መዋሸትን እ.ኤ.አ. በ2006 ወንጀል ያደረገው ሕግ በ2012 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፊት ወድቆ፣ በሚቀጥለው ዓመት የወጣው አዲስ ሕግ የሚቀጣው ገንዘብ ወይም ሌላ ጥቅም ለማግኘት የሚዋሸውን ብቻ ሆኗል። ስለ ጦር ሜዳ ኒሻን በነጻ መዋሸት ከተፈቀደ ስለ ጃኬት መዋሸት ምን ነውር አለበት? በአገራችን ግዳይ ያልጣለ ሰው ጎፈር አጥልቆ ቢፎክር አዝማሪው በግጥም ይዘለዝለው ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አላስፈለገንም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን ነጋዴው ለሙታን ያለው ፍቅር ነው። በሕይወት ያለ ጓድ ነገም ጃኬት ያሰፋልና ዋጋውን ያረክሰዋል፤ የሞተው ግን ዳግመኛ አያሰፋም። በማሳቹሴትስ የነበረው 27ኛው ላንሰርስ እ.ኤ.አ. ከ1986 በኋላ ከሜዳ ጠፋ፤ በኒው ጀርሲ ጋርፊልድ ከተማ በአንድ አጥቢያ በ1934 የተቋቋመውና ካዴትስ ተብሎ የታወቀው ጓድም በሕግ ክስና በገንዘብ ችግር ተወጥሮ በ2024 ተዘጋ። ዘጠና ዓመት ማለት የሦስት ትውልድ ወጣትነት ነው። በእንዲህ ያለ ቀን የቀድሞዎቹ ልጆች ሲያለቅሱ ነጋዴው ብቻ አያለቅስም፤ ተዝካሩ ሳይወጣ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ይቈጥራል። ለቀሩቱም ጓዶች ምን እንደሚመኝላቸው መገመት አያዳግትም።

እዚህ ላይ ግን ለሦስት ዓይነት ሰዎች ምላሴን እሰበስባለሁ። የቤት ኪራይ ጐድሎት የገዛ ጃኬቱን የሸጠውን የቀድሞ ነፊ የሚወቅስ አፍ የለኝም፤ የደከመበት እሱ፣ ያፈረበትም እሱ ነው። ባሏ የሞተባትና ሣጥኑን ስታራግፍ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ሳታውቅ ለምጽዋት ሱቅ የሰጠችም ሴት ምንም በደል የለባትም። ጓዱ ራሱ ያረጀውን የደንብ ልብስ፣ ባርኔጣውንና ላባውን በግልጽ ሸጦ አዲስ ቢገዛበት ደግሞ የራሱን ንብረት ሸጠ ይባላል፤ በደንብ ልብሱ ላይ የማንም ስም አልተጠለፈም፣ ዛሬ የዚህ ልጅ ነገ የዚያኛው ነበርና። እኔ የማመሰግነው ከእነዚህ ከሦስቱም እጅ በርካሽ ሰብስቦ፣ ሳይነፋና ሳይመታ፣ «ብርቅ ነው፣ እውነተኛ ነው፣ የተለበሰ ነው» እያለ የሚያውጀውን ነው። «የተለበሰ» የሚለው ቃል በሌላ ዕቃ ላይ ዋጋ ይቀንሳል፤ እዚህ ግን ይጨምራል። ሻጩ ጨርቅ እየሸጠ እንዳልሆነ እሱ ራሱ ማወቁን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምስክር አላገኘሁም።

ይህ ንግድ ገና ብዙ ያልተነካ መስክ አለው። የካልሲው ጠርዝ በቍርጭምጭሚት ላይ የሚተወውን የፀሐይ ምልክት በጥንድ፣ ከንፈር ላይ ያበጠውን የመለከት ቍስል በፍሬ፣ የከበሮ ዱላ በጣት መካከል ያበቀለውን መጅ በግራም መሸጥ ይቻላል። ገዳማቱም ከዚህ ትምህርት ቢወስዱ አስኬማውን በብዙ ዓመት አርድእትነትና በጾም ከመስጠት ይልቅ በልክ በልኩ ሰቅለው ቢሸጡት፣ መነኵሴ ለመሆን የሚመኝ ባለጠጋ ሁሉ ከምሳ በፊት መንኵሶ ወደ ቢሮው ይመለስ ነበር።

እኔው ራሴ ባለፈው ዓመት ከእነዚህ ምስጉኖች አንዱ ዘንድ ገብቼ ነበር። በአሮጌ ጫማና በማይታወቁ ሰዎች የሠርግ ፎቶግራፍ መካከል አንድ ጥቁር ጃኬት ተሰቅሏል፤ የእጅጌው ጫፍ ተበልቷል፣ የውስጥ ኪሱ የመለከት ቁልፍ የሚያለሰልሱበት ዘይት ይሸታል። በግራ ደረቱ ላይ ግን ምንም የለም። ባለሱቁ ወደዚያ ስመለከት አይቶ፣ በትሕትና ቀረብ አለኝ።

«የስሙን ክር ፈትቼዋለሁ፣ ጌታዬ። የፈለጉትን ያስጠልፉበት። ከነስሙ 120 ዶላር ነበር፤ አሁን ንጹሕ ስለ ሆነ 140 ነው» አለ።

ጃኬቱን ወደ መስኮቱ ወስጄ በብርሃን አየሁት። ክሩ ተፈትቷል፤ መርፌው የበሳቸው ቀዳዳዎች ግን አልተደፈኑም፣ ፀሐይ ያላገኘውም ጨርቅ በዙሪያቸው ከሌላው ይልቅ ጠቍሮ ይታያል። በጣቴ እየዳሰስሁ ቈጠርኋቸው፤ ሰባት ፊደል ነው። ባለሱቁ «ይለኩት እንጂ» ብሎ ትከሻውን ያዘልኝ፤ እኔም ክንዴን አስገባሁ።

በልኬ ነበር።